ጀርባችንን ያዞርንላት ወፍ

የዘይነባን ሞት የሰማሁት ላንቻ አንድ ጫማ ቤት ውስጥ፣ አንዱን እግሬን በአሮጌ፣ ሌላውን በአዲስ ጫማ ከትቼ ቆሜ ሳለሁ ነው። ልጇ ኑሩ ደወለልኝ። «ጋሽ ታደሰ፣ እማዬ ጠዋት አረፈች» አለኝ። የሙስሊም ቀብር እንደኛ አይደለም፤ ዘመድ ከየአገሩ እስኪሰበሰብ አይጠብቅም። ከሱቁ በረርኩ። ታክሲ እየቀያየርኩ ከተማውን አቋርጬ ስደርስ አፈሩ ተመልሷል፣ ሰዉም ተበትኗል። ወደ ታች ያየሁት ያኔ ነው። ግራ እግሬ ላይ የራሴ ቡናማ፣ ቀኝ እግሬ ላይ የባለሱቁ ጥቁር ጫማ። ኑሩም አየ። ተቃቅፈን አለቀስን፣ ከዚያ ሳናስበው ሁለታችንም ሳቅን።

ለቅሶ ላይ ማሳቅ ነውር ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ነውር ከሚባለው ነገር የቀረኝ ጥቂት ነው። ስለ ዘይነባ ልጻፍ ብዬ ብዕር ሳነሳም ነውሬ አብሮ እየተነሳ አስቸግሮኛል። እንግዲህ አብረው ይምጡ።

ካሳንቺስ እኔና ዘይነባ በአንድ ግቢ ጎረቤት ሆነን ስንኖር ልጆቻችን አድገው ወጥተዋል። ትውልዷ ደሴ ነው። ዕድሜዋን በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስትነት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ባሏን የቀበረች፣ ቀጥ ብላ የምትራመድ ሴት ነበረች። ነጠላ ጫማዋ እንኳን ድምፅ አያሰማም። እኔ ስሄድ ግን ግቢው በሙሉ ያውቃል፤ ወይ እየሳልኩ ነው ወይ እያወራሁ።

ጡረታ በወጣች ሰሞን የሰፈሩ እቁብ ደረሳት። ግቢው ፍሪጅ ጠበቀ። አሮጌው ፍሪጇ እንደ ወፍጮ ነበር የሚጮኸው፣ እኛም እንቅልፍ አጥተናል። ከደምበል ስትመለስ ግን ዕቃ ተሸክሞ የተከተላት ሰው የለም። ትከሻዋ ላይ አንድ ቦርሳ፣ ቦርሳው ውስጥ ካሜራ፣ ካሜራው ላይ ክንድ የሚያክል ሌንስ።

«ምን ልታነሺበት ነው?» አልኳት።

«ወፍ።»

«የምን ወፍ?»

«ያለውን።»

«ካሳንቺስ ምን ወፍ አለና? ቁራና ርግብ ነው።»

«አንተ ያየኸው ቁራና ርግብ ነው» አለችኝና ገባች።

በማግስቱ «ዘይነባ መድፍ ገዛች» የሚለው ወሬ ሰፈሩን ዞረ። አዟሪው እኔ ነኝ። ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሜ መድፉን እንዴት እንደምታነጣጥር ባሳየሁ ቁጥር የሚስቅ አይጠፋም ነበር። ለካ ሰው ከሳቀልህ እንደ ከብት የትም ይነዳሃል።

የወፎቹን ስም አታውቅም ነበር። ለማወቅም አልደከመች፤ ራሷ ታወጣላቸዋለች፣ ያውም ከድሮ መሥሪያ ቤቷ ሰዎች። ዓይኗ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያለባትን አረንጓዴ ወፍ «ሒሳብ ሹሟ» ትላታለች፤ መነጽሯን አውልቃ አታውቅማ። ጭራው ከራሱ የሚረዝመው «ዳይሬክተሩ» ነው፤ እሱ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው ጭራው የሚደርሰው። አንድ ደግሞ ፀሐይ ሲነካው አረንጓዴም ሐምራዊም የሚያንጸባርቅ፣ እንደ መርፌ በታጠፈ ምንቃሩ የአበባ ማር የሚመጥ ነበር። እሱን «ሙሽራው»፣ አመድ የመሰለችውን ሚስቱን «ሙሽሪት» አለቻቸው። «ሁሌም እንዲህ ነው፤ ለሠርጉ የሚያጌጠው እሱ፣ ቤቱን የምትሠራው እሷ» ትል ነበር።

አነሳሷም የራሷ ነበር። መጀመሪያ ትስላለች፤ ሰው ደጅ እንደደረሰ እንግዳ። ቀጥላ በቀስታ «አሰላሙ አለይኩም» ትላለች። ከዚያ ትቆማለች። ወፏ ደንግጣ ከበረረች ሌንሱ ወደ መሬት ይወርዳል። «አልፈቀደችም» ትላለች፣ አበቃ። ከቆየች ብቻ ታነሳለች። እንዲህ ሆኖ ከአሥር ወፍ ዘጠኙ ሲያመልጣት «ዘይነባ፣ ይኼ አነሳስ ነው ስንብት?» እላታለሁ።

ጎጆ ላይ ያለች ወፍ ግን ጭራሽ አታነሳም። አንድ ቀን ግቢያችን ያለው ጥድ ላይ ጎጆ አይቼ፣ ውለታ የዋልኩላት መስሎኝ ጠራኋት። ፊቷን አዞረች።

«አራስ ቤት እኮ ነው ታደሰ። አንተ አራስ ቤት ዘው ትላለህ?»

«ወፍ እኮ ናት!»

«ዓይን ይበዛባታል። ዙር።»

ዞርኩ። ሽማግሌ ሰውዬ ለወፍ ጀርባዬን ሰጥቼ ግድግዳ ሳይ ጎረቤት አየኝ፣ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

እውነቱን ልናገር፣ አብሬያት መታየት አፍር ነበር። አንድ ቀን ኦሎምፒያ ከድሮ የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዘን ስለ ድሮ ሥልጣናችን እንዋሻለን። ቀና ስል ዘይነባ፣ የመንገዱ መካከል ካለው ሣር ላይ፣ በሁለት በኩል ሚኒባስ እየጮኸ፣ በሆዷ ተኝታለች። አላፊው ሁሉ የታመመች መስሎት ይቆማል። አየችኝ።

«ታደሰ! ና እስቲ ቦርሳዬን ያዝልኝ!»

ወደ ኋላዬ ዞሬ ሌላ ታደሰ ፈለግሁ።

«አንተን ነው እኮ» አለኝ ባልደረባዬ።

«የለም፣ ይኼ ስም ብዙ ነው» አልኩት።

ማታ ግቢ ስንገናኝ ሻይ ቀዳችልኝ። ስኳሩን እያማሰልኩ ሳለ ነው እንዲህ ያለችኝ። «ዛሬ ኦሎምፒያ አንድ የማላውቀው ታደሰ አየሁ። ቁርጥ አንተን ነው የሚመስለው። ምስኪን፣ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝበት አልቀረም።»

ከዚያ ካሳንቺስ የሚነሳበት ጊዜ መጣ። ለየግቢው ቀን ቀን ተነገረ። የእኛ ሰኞ ሆነ። ከኋላችን ያለው የአስካለ ግቢ ደግሞ ለቅዳሜ። አስካለ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች የምትሸጥ፣ ከአልጋ የማትነሳ እናቷን የምታስታምም ሴት ናት። እናቷን አስተኝቶ የሚወስድ መኪና በስንት ልመና ለቅዳሜ አግኝታለች።

ሁላችንም ዕቃ በማሰር ላይ ሳለን ሙሽሪት ሽንት ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ባጋደለው የኮክ ዛፍ ላይ እንደ ኪስ የተንጠለጠለ ጎጆ ሠርታ ፈልፍላ ነበር። ዘይነባ ከሩቅ ሆና፣ ፊቷን አዙራ፣ በጆሮዋ ብቻ ትከታተላለች።

«ድምፃቸው ወፍሯል» አለችኝ። «ላባ ሳያወጡ አልቀሩም። ሳምንት ቢያገኙ ይበራሉ። ታደሰ፣ የማፍረሱን ሥራ የሚመራውን ሰውዬ ለምነው።»

የግቢው ተወካይ እኔ ነበርኩ። የተመረጥኩት ሌላው ሰው ሥራ ስለነበረው ነው።

«ሰው ቤቱ እየፈረሰ እኔ ስለ ወፍ ልለምን? ምን ይሉኛል ዘይነባ?»

«የፈለጉትን ይበሉህ። ውሸት አትናገር እንጂ፣ መሳቁን ይሳቁ።»

ሄድኩ። የሥራው ተቆጣጣሪ ቢኒያም የሚባል ወጣት ነው፤ ጨዋ ልጅ፣ ሽማግሌ ሲያይ ከተቀመጠበት የሚነሳ። በዙሪያው ሠራተኞቹ ቆመዋል። ሳምንቱን ሙሉ በቀልዴ ሳስቃቸው ስለሰነበትኩ ገና ሳልናገር ፈገግ ብለው ጠበቁኝ። «ወፍ» ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣ አለኝ። አሁን የሚስቁት በቀልዴ ሳይሆን በራሴ በእኔ እንደሚሆን ታየኝ። ከአፌ የወጣው ይኼ ነው፦

«ምራቴ ወልዳለች። ትናንት ማታ።»

ምራት የለኝም። ልጄ ዛሬም ወንደላጤ ነው፤ የሱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው።

ቢኒያም ሄልሜቱን አወለቀ። «እንኳን ማርያም ማረቻት! ታዲያ አራስ እንዴት ትነሳለች ጋሼ? ግድ የለም፣ ተራ እንቀያይራለን።»

ተራው ከማን ጋር እንደሚቀያየር አልጠየቅኩም። ተመለስኩ።

«ፈቀደ» አልኳት።

«ስለ ወፏ ነገርከው?»

«ነገርኩት።»

«አልሳቀም?»

«ምን ይስቃል! ሄልሜቱን አወለቀ።»

«አላህ ይስጠው» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የዚያን ጊዜ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ጥሩ ነበር። አልዋጠኝም፤ መሬትም ምርጫ አለው።

በማግስቱ ቢኒያም ፔርሙስ ይዞ መጣ። አራስ ቤት ነው ብሎ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ፣ ከደጃፌ ሳያልፍ አቀበለኝ። «አጥሚት ነው ጋሼ። ባለቤቴ ናት የላከችው። እሷም ቀኗ ደርሷል፤ ስነግራት ሆዷ አልቻለም።»

ምን ላድርገው? መልሼ አልሰጠው፣ ደፍቼ አልጥለው። ጠጣሁት። ቅቤው ከላይ ተንሳፍፎ፣ ማሩ ከሥር ተቀምጦ፣ እንዲህ ያለ አጥሚት በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም። ሁለተኛውን ኩባያ ስቀዳ ዘይነባ ገባች። እንደልማዷ ድምፅ የለም።

«አስካለ ታለቅሳለች» አለች። «ሰኞ ውጪ ተብላለች። እናቷን በምን ታወጣለች? ‹ከፊት ያለው ግቢ አራስ ስላለች ተራ ተቀይሯል› አሏት። እኛ ግቢ ደግሞ...» አቋረጠች። አሸተተች። «ምንድነው የምትጠጣው?»

«ሻይ።»

«ሻይ ቅቤ ቅቤ ይሸታል?»

ነገርኳት። እሪ ብትል ደስ ባለኝ። ዱካው ላይ ቁጭ አለች፣ በተከፈተው በር የኮኩን ዛፍ ጫፍ ለረጅም ጊዜ አየች። እንደዚያ ቀጥ ብላ ጎጆውን ስታየው ያኔ የመጀመሪያዋ ይመስለኛል። ከዚያ ተነስታ ሻሿን አሠረች።

«ወዴት ነው?»

«ተራውን ላስመልስ።»

«ወፎቹስ?»

«የአስካለ እናት ክንፍ የላትም» አለችኝና ወጣች።

ተከተልኳት። ማለቴ፣ እግሬ እስከፈቀደ ድረስ። ሰዎቹ ጋ ሳንደርስ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ቀረሁ። የምትለው ሁሉ ይሰማኛል።

«ልጄ፣ እኛ ግቢ አራስ የለችም። እኔ ነኝ ያስዋሸሁት። የወፍ ጫጩቶች ነበሩ፣ እስኪበሩ ብዬ ነው። የአስካለን ቀን መልስላት።»

ቢኒያም እንዲህ ሲል ሰማሁ፤ «እማማ፣ ባለቤቴ እኮ ወገቧን ይዛ ቆማ ነው የሠራችው።»

«አውቃለሁ። አፉ በለኝ።»

«በዚህ ሽበትዎ?»

ይኼን ጊዜ ወጣሁ። መቼም አንድ ቀን ሰው መሆን አለብኝ። «ልጄ፣ የዋሸሁህ እኔ ነኝ» አልኩት። «እሷ አታውቅም። ‹ውሸት አትናገር› ብላኝ ነበር። ‹ስለ ወፍ ነገርኩት› ብዬ እሷንም ዋሽቻታለሁ። አጥሚቱንም የጠጣሁት እኔ ነኝ።»

ከሠራተኞቹ አንዱ ፕፍ ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ተከተሉት። ቢኒያም ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ይተዉ። እርስዎ ቀልደኛ ነዎት። እሳቸውን ለማዳን እንደሆነ ይገባኛል።»

«በእመቤቴ!»

«አይማሉ ጋሼ።»

ዘይነባ ክንዴን ያዘችኝ። «ተወው ታደሰ። ለአንድ ውሸት አንድ ሰው ካፈረ ይበቃል» አለችኝ። ያን ሁሉ ዓመት አብሬያት መታየት ያፈርኩባት ሴት፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየ የኔን እፍረት ተሸክማ፣ ቀጥ ብላ፣ ድምፅ በሌለው ጫማዋ ወደ ግቢያችን ተመለሰች።

አስካለ ቅዳሜዋን አገኘች። እኛ ሰኞ ሆንን።

ሰኞ ጠዋት እስካቫተሩ መጥቶ ከበር ቆመ። ቢኒያም ገባ። ፊታችንን አላየም፤ ወደ ዛፎቹ ቀና ብሎ «የትኛው ነው?» አለ። ዘይነባ በጣቷ አሳየችው። አንድ ሠራተኛ በመጋዝ ቅርንጫፉን ከነጎጆው ቀስ ብሎ ቆረጠው፣ ከአጥራችን ወዲያ ካለው፣ ከማይፈርሰው ሆቴል ግቢ ወደ እኛ ባጋደለ ዛፍ ላይ በሽቦ አሠረው። ጫጩቶቹ ሲንጫጩ ይሰማል። ከዚያ ሽንት ቤቱም ኮኩም ወረዱ።

ሙሽሪት ምንቃሯ ላይ ትል ይዛ መጣች። ዛፉ የነበረበት ቦታ በረረች። ዛፍ የለም። አየሩ ላይ፣ ልክ ጎጆው በነበረበት ከፍታ፣ ክንፏን እያርገበገበች ቆመች። ሄደች። ተመለሰች። እዚያው ባዶ አየር ላይ ቆመች። የእስካቫተሩ ሾፌር ማንም ሳያዘው ሞተሩን አጠፋ።

«ልጆቿ እዚያ ናቸው እኮ!» አለ ቢኒያም። «አትሰማቸውም እንዴ?»

«ዓይን በዝቶባት ነው» አለች ዘይነባ። «ዙሩ። ሁላችሁም ዙሩ።»

መጀመሪያ ቢኒያም ዞረ። ከዚያ መጋዝ የያዘው፣ ከዚያ ሾፌሩ ከነወንበሩ፣ ከዚያ ዶማና አካፋ የያዙት ሁሉ። ያ ሁሉ ቢጫ ሄልሜት ለአንዲት አመድ ለመሰለች ወፍ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ዘይነባ «ያዝልኝ» ብላ ካሜራዋን አንገቴ ላይ አንጠለጠለች፣ እሷም ዞራ ሁለት መዳፏን ለዱዓ ከፈተች።

እኔ አንገቴን ሰረቅ አድርጌ አየሁ። ምን ላድርግ፣ ታደሰ ነኝ።

ገባች። ሽቦው ጋ አረፈች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ ራሷን ወደ ኪሱ አስገባች፣ ስታወጣው ትሉ የለም። ዓይኔ ያን ቀን ብቻ ነበር እንደ ወጣት ያየው። አንድ ነገር ታየኝ፦ ብናገር ማን ያምነኛል? ካሜራውን በትከሻዬ ላይ ወደ ኋላ አዙሬ፣ ሳላይ፣ ቁልፉን ተጫንኩት። እና መቻል አቅቶኝ «ገባች!» ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ዞረ። ጩኸቴ አባሯት፣ ቅርንጫፉ ብቻ ነው ያለው።

ቢኒያም አየኝ። ሠራተኞቹ ተያዩ። ዘይነባ መዳፏን አጥፋ ፊቴን እንደ ደብዳቤ አነበበችው።

«ገባች?»

«ገባች! ትሉን ሰጠቻቸው። አንስቻታለሁ፣ እዪ!»

ፎቶውን ከካሜራው መስኮት ላይ አወጣችው። የእኔ ግራ ጆሮ አለ፣ ከነፀጉሩ። ከጆሮዬ ጀርባ የአንድ ሰው ሄልሜት አለ። ከዚያ ወዲያ ሰማይ። ዘይነባ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሠራተኞቹም ሳቁ፤ ቢኒያም እንኳ ሳቀ።

«እሺ ታደሰ» አለች፣ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች። «ገባች።»

ጭቃ ጋግሮ «ብይልኝ» ለሚላት ሕፃን የምትመልስ እናት ድምፅ ነበር። ሞተሩ ተነሳ። የዕቃ መኪናችን ከበር ክላክስ ያደርጋል። ደግመን ለማየት ቀን አልነበረንም።

እሷ ወደ ከተማው አንደኛው ዳር፣ እኔ ወደ ሌላው ዳር ሄድን። ስልክ እንደዋወላለን። ስለ ጉልበታችን ከተነጋገርን በኋላ እኔ ሁሌ ወደዚያው እመለስ ነበር። «ዘይነባ፣ ገባች እኮ» እላታለሁ። «እሺ» ትላለች። «እውነቴን ነው።» «እሺ አልኩህ እኮ።» ቅር ብሏት አያውቅም። ወሬውን ወደ አዲሱ ሰፈሯ ወፎች ታዞረዋለች፤ እዚያ ደግሞ አንድ አዲስ «ዘበኛ» አግኝታለች፣ ቀኑን ሙሉ የሚተኛ።

ለመጨረሻ ጊዜ ስናወራ ድምጿ ሳስቶ ነበር። ኑሩ ነው ስልኩን ጆሮዋ ላይ የያዘላት።

«ዘይነባ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ያቺ ወፍ...»

«ገባች» ብላ ጨረሰችልኝ።

«አዎ። ቀልድ አይደለም። ወላሂ በል ካልሽኝ ወላሂ እላለሁ። በዓይኔ አይቻታለሁ። አታምኚኝም?»

ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ታደሰ» አለች በመጨረሻ፣ «አንተ እኮ ደግ ሰው ነህ። ለእኔ ብለህ ይኼን ሁሉ ጊዜ...» ደከማትና ተወችው።

ሰው ብዙ ስም አውጥቶልኛል፣ አብዛኛው ይገባኛል፣ በአንዱም ተከፍቼ አላውቅም። ይኼኛው ግን አንገቴን አስደፋኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ለማንም በማይታይ ቦታ ፊቴ ጋለ።

«እሺ ዘይነባ» አልኳት።